ባለቤቴ ውሃ እንኳን አልረጋላትም፣ ያለ መድኃኒት ምን ላድርግላት?

ጠያቂ
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ባለቤቴ እርጉዝ ናት፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ የቀመሰችውን ሁሉ ታስመልሳለች። አሁን ውሃም አልረጋ አላት። ሆዷ ውስጥ ምንም ስለሌለ የሚወጣው ቢጫ ሐሞት ነው። ሽታ የሚባል ነገር አትችልም፤ ገላዬን ታጥቤ ስጠጋት የሳሙናው ጠረን አስመለሳት። መድኃኒት ለፅንሱ ጥሩ ስላልሆነ ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር ካለ ንገሩኝ።

የሁለት እናት
ዝንጅብል! ቀጥቅጠህ በውሃ አፍላውና በረድ ሲል ፉት እያለች ትጠጣው። እኔን በሁለቱም እርግዝናዬ ያዳነኝ እሱ ነው።

ሳቂታዋ
ሴት ልጅ ናት በላ፣ ስም ከአሁኑ ፈልጉ! ሃሃሃ። ቀልዱን ልተወውና፣ ደረቅ ብስኩት ራስጌዋ አስቀምጥላት። ጠዋት ቀና ከማለቷ በፊት ተጋድማ ትንሽ ታኝክና ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ቀስ ብላ ትነሳ። ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን ያብሰዋል፤ ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ትቅመስ። ትኩስ ምግብ ሽታው ያስቸግራል፣ የቀዘቀዘ ይሻላታል። አንተም ሽታ የሌለው ሳሙና ተጠቀም።

አዋላጇ
ወንድሜ፣ ከሁሉም በፊት እነዚህን መልስልኝ። ስንተኛ ሳምንቷ ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የሸናችው መቼ ነው? የሽንቷ ቀለምስ? ስትቆም ያዞራታል? ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ሲሸና ማቃጠል አለ? እስከዚያው ጠማኝ ብላ ሙሉ ብርጭቆ እንዳትጨልጥ፣ ወዲያው ይመለሳል። ካስመለሰች በኋላ ትንሽ ትረፍና በየጥቂት ደቂቃው አንድ ማንኪያ ኦ አር ኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ስጣት። እሱም ከከበዳት በረዶ ትምጠጥ።

አንባቢው
መነሻው ሳይታወቅ መፍትሔ መደርደር ብቻውን አይበቃም። ለረጅም ጊዜ ተጠያቂ የሚደረገው ኤች ሲ ጂ የተባለው የእርግዝና ሆርሞን ነበር፤ በ10ኛው ሳምንት አካባቢ ጣሪያ ይነካል፣ ማቅለሽለሹም በአብዛኛው በዚያው ሰሞን ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ደግሞ ጂ ዲ ኤፍ 15 ወደሚባል ሌላ ሆርሞን ጠቁሟል። ይህ ሆርሞን በእርግዝና ጊዜ ከፅንሱና ከእንግዴ ልጁ በብዛት ይመነጫል፤ ከማርገዟ በፊት በደሟ ውስጥ ዝቅተኛ የነበረባት ሴት ድንገት ሲያሻቅብባት ይበልጥ ትታመማለች። ይህን ሁሉ የምጽፈው አንድ ነገር እንድትይዝልኝ ነው፤ ሚስትህን «አካብደሽው ነው» የሚላት ዘመድ ከመጣ አንተ መልስ ስጥላት።

ጠያቂ
9ኛ ሳምንቷ ነው። ጠዋት ትንሽ ሸንታለች፣ እንደ ጠቆረ ሻይ ነው። አሁን ሊመሽ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የለም። ስትቆም ግድግዳ ትይዛለች። ትኩሳትም ቁርጠትም የላትም። መድኃኒቱን ግን እፈራለሁ፤ ድሮ ለማቅለሽለሽ የተሰጠ ኪኒን እጅና እግራቸው ያልተሟላ ሕፃናት እንዲወለዱ ማድረጉን አንብቤያለሁ።

የሁለት እናት
ዝንጅብሉን ሞከርከው? ከሎሚ ጋርም ይሆናል።

ፋርማሲስቱ
ከጥያቄህ መነሻ ጋር አልስማማም። ያነበብከው ስለ ታሊዶማይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ፣ በ1961 መጨረሻ ከገበያ ተነሳ። ፍርሃትህ ይገባኛል፤ ነገር ግን በዚያ ኪኒን የተነሳ ሁሉንም መድኃኒት መኮነን ልክ አይደለም። ቫይታሚን ቢ6፣ ማለትም ፒሪዶክሲን፣ ብቻውን ወይም ዶክሲላሚን ከሚባለው የአለርጂ መድኃኒት ጋር ለብዙ አሥርት ዓመታት ነፍሰ ጡሮች ሲወስዱት የኖረ፣ በብዙ ጥናት የተፈተሸና ፅንስ ላይ ጉዳት ያልታየበት ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚያዙት የቢ6 መጠን ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ነው። ዶክሲላሚን እንቅልፍ ያመጣል። በራሳችሁ አትጀምሩ፣ የሚከታተላትን ሐኪም ጠይቁ። እናትየዋ ስትደርቅ ዝም ብሎ ማየት ግን ፅንሱን መጠበቅ አይደለም።

አዋላጇ
አሁን ይዘሃት ሂድ፣ እስኪነጋ አትጠብቅ። ከ8 ሰዓት በላይ ሽንት ከሌለ፣ የሸናችው ከጠቆረ፣ ስትቆም ካዞራት ፈሳሽ አልቆባታል ማለት ነው፤ ዝንጅብልም ብስኩትም የሚበቃበት ደረጃ አልፏል። እዚያ ሽንቷ ውስጥ ኪቶን (ሰውነት ምግብ ሲያጣ ስብ አቃጥሎ የሚያወጣው) መኖሩን እንዲያዩላት ጠይቅ፣ ክብደቷንም ይመዝኑ። ከእርግዝናዋ በፊት 60 ኪሎ የነበረች ሴት 3 ኪሎ ከቀነሰች፣ ማለትም ከመቶ 5፣ ከተለመደው ማቅለሽለሽ የከበደ ሕመም እንደሆነ ይታሰባል። መንታም ሊሆን ስለሚችል አልትራሳውንድ ቢታይላት ጥሩ ነው። ብዙ ቀን በደንብ ሳትበላ ከቆየችም ንገራቸው፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቫይታሚን ቢ1 ያስፈልጋታል።

ጠያቂ
እየወጣን ነው። የምትወስዳቸውን ኪኒኖች ልያዝ?

አዋላጇ
አዎ፣ ሁሉንም። አይረን ያለበት ከሆነ ማቅለሽለሹን ሊያባብስባት ስለሚችል እስኪሻላት አቁመው ፎሊክ አሲዱን ብቻ፣ 400 ማይክሮ ግራም፣ እንድትቀጥል ሊያደርጉ ይችላሉ። መኪና ውስጥ መስኮቱን ክፈትላት፣ ፌስታልም ያዝ።

ሳቂታዋ
አይዟችሁ! እግዜር ይማርልህ። ስትመለሱ ጻፍልን።

የሁለት እናት
እግዚአብሔር ይማርልህ ልጄ። ሲሻላት ዝንጅብሉን አትርሱ።

ተረኛዋ
እኔም 7ኛ ሳምንቴ ነው፣ በዚሁ ልጠይቅ። እኔን የሚያስቸግረኝ የጥርስ ሳሙናው ነው። ብሩሹ ገና ምላሴን ሲነካ ያስመልሰኛል። ምራቄም አፌን እየሞላ መዋጥ አቅቶኛል።

አዋላጇ
እህቴ፣ ምራቁን አትዋጪው፣ በሶፍት ትፊው። ለብሩሹ፣ የልጆች ትንሽ ብሩሽ ያዢና ጥርስሽን ማቅለሽለሹ ቀለል በሚልሽ ሰዓት ቦርሺ፤ የግድ ጠዋት መሆን የለበትም። ሳሙናውን ከጠላሽ ሽታው ቀለል ያለ ቀይሪ። ካስመለሰሽ በኋላ ግን ወዲያው እንዳትቦርሺ፣ የሆድ አሲድ ያለሰለሰው ጥርስ ይፋቃል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠሽ ተጉመጥመጪና ትፊው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትቦርሻለሽ።