በእድራችን አዳራሽ የመደማመጫ ቤት ለመክፈት

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የምንኖር ጎረቤታሞች፣ ሐዘን፣ ብቸኝነትና ጭንቀት የከበዳቸው ሰዎች ቡና እየጠጡ የሚደመጡበትን ቤት በበጎ ፈቃድ ለመክፈት አስበናል። የእድራችን አዳራሽ አብዛኛውን ቀን ባዶ ስለሆነ ቦታ አላስጨነቀንም፤ የሚያስጨንቀን፣ ባለሙያ ሳንሆን የሰው ቁስል ነክተን እንዳናባብስ ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ 1፦ ስጋታችሁ ተገቢ ነው። ሆኖም የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. ዚምባብዌ ውስጥ የጀመሩት «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» የተባለው የአእምሮ ጤና ድጋፍ የሚሠራው ሥልጠና ባገኙ አያቶች ነው። አያቶቹ ምክር አያዘንቡም፤ ሰውየው ችግሮቹን ዘርዝሮ አንዱን እንዲመርጥና መፍትሔውን ራሱ እንዲያገኝ ይረዱታል፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውንም ወደ ባለሙያ ይልካሉ። ስለዚህ በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ሥልጠናና ከጤና ተቋም ጋር ስምምነት ይቅደም።

መልስ 2፦ ልጄን ባጣሁ ጊዜ የከበደኝ ለቅሶው ሳይሆን ከአርባው በኋላ የመጣው ዝምታ ነበር። ያቆመችኝ «እግዜር ያጥናሽ» ብላ የሄደችው ሳትሆን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣች አጠገቤ የምትቀመጠው ጎረቤቴ ናት። ደግሞም በእድር ሁሉም ይተዋወቃልና፣ ለብቻ የሚነጋገሩበት ክፍል ይኑራችሁ፤ ምስጢር ከወጣ ማንም አይመለስም።

መልስ 3፦ ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ የመሰላችሁን ሰው በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያሳድርበትም። ብቻውን ሳትተዉት ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለብቻ መነጋገሪያ የሚሆን ክፍል ከአዳራሹ ጀርባ አለ፤ ለእድሩ ዳኛ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።