ለአራት ዓመቷ እና ለሰባት ዓመቱ፦ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ለምትመርጡ ጥቆማ

«አይ ቢ፣ ካምብሪጅ እና ሞንቴሶሪ የሚሉ ሦስት ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች አየሁ፤ ሦስቱም ጥሩ መሰሉኝ። ለአራት ዓመት ሴት ልጄና ለሰባት ዓመት ወንድሟ የቱ ይሻላል?» ላልሽው እህቴ፦ ሁለት ልጆች በዚሁ መንገድ አሳልፌያለሁ፤ ሁለት ጊዜም ተሸውጃለሁ። ስለዚህ ረዘም ቢልብሽ ታገሺኝ። ለትንሿ በሩ ላይ የተጻፈውን ስም እርሺውና ክፍሉ ውስጥ ያለችውን መምህርት እዪ። ለትልቁ ግን ስሙም ይቆጠራል፤ እስከ ሥሩ መርምሪው።

ከአይ ቢ ልጀምር፤ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባል ድርጅት የሚያወጣው ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ አንዱን የተሸወድኩት እዚያ ላይ ነው። ድርጅቱ ጄኔቫ ውስጥ በ1968 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስቦ ነበር። ለትንንሾቹ የሚሆነው ፒ ዋይ ፒ የመጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ3 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች። ትምህርቱን ሳይንስ፣ ታሪክ፣ ሥነ ጥበብ እያለ ለየብቻ ከመቁረስ ይልቅ «ማን ነን?»፣ «ዓለም እንዴት ትሠራለች?»፣ «ምድርን መጋራት» በመሳሰሉ ስድስት ሰፋፊ ጭብጦች ያስተሳስረዋል። መምህሩ ብርቱ ከሆነ ልጁ ማታ ቤት ገብቶ በጥያቄ መቀመጫ ያሳጣሻል። መምህሩ ደካማ ከሆነ ግን ስለ ውኃ ፖስተር ሲቀባ ይከርምና የማባዛት ሠንጠረዡ ሳይነካ ዓመቱ ያልቃል። መሐል ላይ ያለ ነገር ብዙም አላየሁም።

የእኛ ጉዳይ እንዲህ ነበር፤ «አይ ቢ ነን» ያሉን ትምህርት ቤት ለካስ እጩ ኖሯል። እጩ ማለት አመልክቷል፣ መንገድ ላይ ነው፣ ፈቃዱን ግን ገና አላገኘም። ሁለት ዓመት ጠበቅን፤ በሦስተኛው ሐሳባቸውን ቀይረው ሌላ ካሪኩለም ጀመሩ። ውሸት አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። አሁን መጀመሪያ የማደርገው ነገር የድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ገብቼ የትምህርት ቤቱን ስም መፈለግ ነው። ስሙ ስላለ ብቻ አትመለሺ፤ የትኛው ፕሮግራም እንደተፈቀደለት እዪ። ለትልልቆቹ የሚሰጠውን ዲፕሎማ ብቻ ይዞ ኬጂው በር ላይም አይ ቢ ብሎ የሚሰቅል ሞልቷል።

ሞንቴሶሪ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ስሙ ባለቤት የለውም። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የሕፃናት ትምህርት ቤቷን ሮም ውስጥ በጥር 1907 እ.ኤ.አ. ከከፈተች ወዲህ ማንም ስሙን በሩ ላይ መለጠፍ ይችላል፤ ይለጥፋልም። መለያዎቹ ግልጽ ናቸው፤ ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀላቅለው፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ሳይቋረጥ የየራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ፤ መምህርቷም ለዚሁ ሥራ የሠለጠነች ናት። በየአርባ ደቂቃው ደወል የሚደወል ከሆነ፣ ዕድሜውም በክፍል በክፍል ከተለየ፣ ያ መደበኛ ኬጂ ነው። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሞንቴሶሪ ግን አይደለም።

ሮዝ ማማ የሚሉትን የሞንቴሶሪ መማሪያ ታውቂው ይሆናል፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ አሥር የእንጨት ኪዩቦች ናቸው፤ ልጁ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደረድራቸዋል። አንድ ትምህርት ቤት ስንጎበኝ ማማው ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሳይነካው ቆሟል፤ ልክ ዛሬ ከካርቶን የወጣ ይመስላል። ሌላው ጋ ስንሄድ ቀለሙ ጥጉ ላይ ተልጧል፤ አንዲት ልጅ ዘጠኙን ደርድራ አሥረኛዋን አጣቻት። መምህርቷ በጉልበቷ ተንበርክካ ከልጅቷ ጋር ከመደርደሪያው ሥር ትፈልጋለች፤ እኛን እንግዶቹን ቀና ብላም አላየችን። ሴቷን ልጄን ያስገባሁት እዚያ ነው።

የእንግሊዙን ሥርዓት በሁለት ቦታ ከፍለሽ እዪው። እስከ 5 ዓመት ያለው ኢ ዋይ ኤፍ ኤስ ይባላል። ሰባት የትምህርት ዘርፎች አሉት፤ መሠረት የሚባሉት ግን ሦስቱ ናቸው፦ መነጋገር፣ አካልን ማዘዝ፣ ከራስና ከሰው ጋር መኖር። ማንበብና መጻፍ፣ ሂሳብም ጭምር ከእነሱ በኋላ ነው የሚመጡት። ስለዚህ «የእንግሊዝን እንከተላለን» ብሎ የሦስት ዓመት ልጅ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ፊደል የሚያስገለብጥ ካየሽ የሚከተለው ስሙን ብቻ ነው። የሰው ኃይሉንም በዚያው መለኪያ ጠይቂ። እንግሊዝ ውስጥ ደንቡ ለሁለት ዓመት ልጆች አንድ አዋቂ ለአምስት፣ ከሦስት ዓመት በላይ አንድ ለስምንት ነው፤ ብቁ መምህር ከልጆቹ ጋር ካለ አንድ ለአሥራ ሦስት ይደርሳል። ሌላ አገር ያለን ትምህርት ቤት ደንቡ አያስገድደውም፤ «እናንተ ጋ ስንት ለስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን መብትሽ ነው። ሲመልሱልሽ ረዳቶቹን ቆጥረው እንደሆነ፣ ረዳቷም ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ትሁን ወይም ለምሳ ሰዓት ብቻ የምትመጣ ትሁን ለይተሽ አስነግሪያቸው።

ከ5 ዓመት በላይ ካምብሪጅ እና የእንግሊዝ ብሔራዊ ካሪኩለም አንድ አይደሉም፤ ብዙ ወላጅ ያምታታቸዋል። ካምብሪጅ ፕራይመሪ ከ5 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች በተለይ ለዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የተሰናዳ ነው። ለሰባት ዓመቱ ልጅሽ የማደላው ወደዚህ ነው፤ በየዓመቱ እንግሊዝኛው፣ ሂሳቡና ሳይንሱ ምን ላይ መድረስ እንዳለበት ተዘርዝሮ ስለተቀመጠ፣ ደካማ መምህር እንኳ ቢገጥመው የጎደለውን ራስሽ ታውቂዋለሽ።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛ የተሸወድኩት። ልጄ በአሜሪካው ሥርዓት ግሬድ 2 ጨርሶ ስንዘዋወር ዪር 3 አስገቡልን፤ ዪር የእንግሊዙ ሥርዓት የክፍል መጠሪያ ነው። ከሁለት ወደ ሦስት፤ ማን ይጠራጠራል? ዪር 1 ግን የአሜሪካው ኪንደርጋርተን እኩያ ነው፤ ግሬድ 2 ማለት ዪር 3 ነው። ልጁ ወደፊት የሄደ መስሎን ያንኑ ዓመት ደገመ። የነቃነው ኅዳር ላይ ነው፤ «ይህንኑ መጽሐፍ አምና አንብቤዋለሁ» ብሎ ሲያኮርፍ። ሥርዓት የምትቀይሩ ሁሉ የክፍሉን ቁጥር ትታችሁ የልደት ቀኑን ይዛችሁ ተነጋገሩ።

የፈረንሳዩ ከ3 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል፤ በየአገሩ ያሉት ከፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና ካላቸው ተመሳሳይ ስለሆኑ፣ በሥራ ምክንያት አገር ለሚቀያይር ቤተሰብ ይመቻል። ፈረንሳይኛ የሚናገር ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ግን የቤት ሥራው ላይ ማን እንደሚያግዘው አስቢ። ሬጂዮ ኤሚሊያ የሚሉት፣ ከጣሊያን የመጣ የሕፃናት ማስተማሪያ ዘዴም አለ፤ ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ሥርዓት ስላልሆነ «በሬጂዮ የተነሳሳን ነን» ከሚል ቃል በላይ ማስረጃ አትጠብቂ።

ለጉብኝት ቅዳሜ በተዘጋጀ የወላጆች ቀን አትሂጂ፤ ያን ቀን ሁሉም ትምህርት ቤት ያምራል። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ሂጂ። ግድግዳው ላይ ሃያ ፍጹም ተመሳሳይ ቢራቢሮ ከተሰቀለ የቀባችው መምህርቷ ናት። ያለቀሰ ልጅ ካለ ማን አቀፈው? ልብሱ ላይ የሸና ልጅ የት ይወሰዳል፣ ማንስ ይቀይረዋል? ይህን ስትጠይቂ የሚያፍር ርእሰ መምህር ካጋጠመሽ ትምህርት ቤቱን ትተሽ ሂጂ። ከሁሉ በላይ ግን «አምና ስንት መምህራን ለቀቁ?» በይ። ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ውስጥ መምህር በሁለት ዓመት ኮንትራት መጥቶ መሄዱ የተለመደ ነው፤ በዓመት አጋማሽ እየጣለ የሚሄድ ከበዛ ግን ውስጡ ደህና አይደለም። የአራት ዓመት ልጅ ካሪኩለም ተቀየረ ብላ አታለቅስም፤ የለመደቻት መምህርት ስትጠፋባት ግን ለሳምንታት ትታመምብሻለች።

ለትልቁ ሌላ መፈተኛ አለኝ። በእሱ ዕድሜ ያለ ተማሪ ከዚህ በፊት ያላየውን መጽሐፍ ጮክ ብሎ ሲያነብ ለመስማት ጠይቂ። የሸመደደና የሚያነብ ልጅ በሁለተኛው ገጽ ይለያሉ።

ከታች «ልጄ ከገባ ሦስት ወሩ ነው፣ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አይናገርም» ላልከው ወንድሜ፦ አዲስ ቋንቋ የሚጀምር ሕፃን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ብሎ መስማቱ የታወቀ ነው። ከጨዋታ ላይ ካልሸሸ፣ የታዘዘውንም ከተረዳ ጊዜ ስጠው። ቤት ውስጥ በራሱ ቋንቋም ዝም ካለ ግን ሐኪም አማክር። ለጨዋታ የሚሆን ቋንቋ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ሂሳብና ሳይንስ የሚማርበት ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት እንደሚወስድ ጂም ከሚንስ የተባለው የካናዳ ተመራማሪ ካሳየ ቆይቷል። «እቤትም እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» የሚል ትምህርት ቤት ከዝርዝሬ ወዲያው ነው የምሰርዘው። አያቱን የሚያናግርበት ቋንቋ ሲጠፋ ማን ሊመልስለት ነው?

ስለ ክፍያ ለጠየቃችሁ አንድ ነገር ብቻ፦ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ትምህርት በዋናው ክፍያ ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው ይጨመራል? ማስያዣውስ ልጁ መሐል ላይ ቢወጣ ይመለሳል? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ በጽሑፍ ይስጧችሁ።

«ለአራት ዓመት ልጅ የመግቢያ ፈተና አለ ይባላል፣ አስጠናት?» ላልሽው፦ አታስጠኚያት። ደህና ትምህርት ቤት እርሳስ አያስይዛትም፤ ግማሽ ቀን ከልጆቹ ጋር ያውላትና እንዴት እንደምትጫወት ያያል። የምትወደውን አሻንጉሊት አስይዘሻት ሂጂ፤ ጠዋት ደግሞ በደንብ ተኝታ ትነሳ።