ክርክር፦ በድሬዳዋ የመስታወት ሕንፃ ይከልከል?

አወያይ፦
ውድ የቡድናችን አባላት፣ የዛሬው መከራከሪያ ሐሳብ የሚከተለው ነው፤ «በድሬዳዋ ከተማ ለሚሠሩ አዳዲስ ባለ ፎቅ ሕንፃዎች የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ፣ የሕንፃው ፊት በሙሉ በመስታወት እንዳይሸፈን የሚከለክል ግልጽ ደንብ ሊኖር ይገባል።» የሚደግፈውም የሚቃወመውም ምክንያቱን ያቅርብ። ስለ ባለሀብት ጠባይ ወይም ስለ ሹማምንት ሳይሆን ስለ ሕንፃው እንድንነጋገር አደራ እላለሁ። የሐረር አባሎቻችንም እንዲሳተፉ ተጋብዘዋል።

አርክቴክት ከከዚራ፦
ሐሳቡን እደግፋለሁ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ የከተማችንን አሮጌ የባቡር ሰፈር፣ ከዚራን፣ የቀየሱት ሰዎች ለአገሩ እንግዶች ነበሩ፤ ሆኖም የፀሐዩን ጠባይ ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ጥልቅ በረንዳ፣ አየር የሚያሳልፍ የእንጨት መስኮት፣ መንገዱን ከግራና ከቀኝ የሚያጠላ ዛፍ፤ እነዚህን ሁሉ ዛሬ የምንወዳቸው ለፎቶግራፍ ስለሚያምሩ ነው፣ የተሠሩት ግን ሰው በቀን ቤት ውስጥ ተቀምጦ መሥራት እንዲችል ነበር።

ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ በአብዛኛው የሚያርፈው ጣሪያ ላይ ነው። ግድግዳን የሚጎዳው የጠዋቱ የምሥራቅ ፀሐይ፣ ከእርሱም ይበልጥ የከሰዓት በኋላው የምዕራብ ፀሐይ ነው፤ ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ ከመስኮት በላይ በተዘረጋ መከለያ ሥር ሾልኮ ይገባልና። ተራ ነጠላ መስታወት በቀጥታ ካረፈበት የፀሐይ ኃይል 80 በመቶ ያህሉን ያሳልፋል፤ የገባው ብርሃን ወለሉንና ዕቃውን ካሞቀ በኋላ ግን ያ ሙቀት በመጣበት መንገድ ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ይገጠማል፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ ከውስጥ የሳበውን ሙቀት የሚተፋው በእግረኛው ላይ ነው።

ይህ እኛ የምናገኘው አዲስ ነገር አይደለም። የዘመናዊ ኪነ ሕንፃ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ለኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1933 በፓሪስ ለመጠጊያ አልባ ሰዎች የሠራው ሕንፃ የደቡብ ፊቱ በሙሉ የማይከፈት መስታወት ነበር፤ በበጋ ውስጡ እንደ ምድጃ በመጋሉ በኋላ የሚከፈቱ መስኮቶችና የፀሐይ መከለያዎች ተጨመሩለት። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሕንድ ቻንዲጋር ሲሠራ ከመስታወቱ ፊት ጥልቅ የኮንክሪት መከለያ አስቀደመ። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ ልደታ የሚገኘው የገበያ ማዕከል፣ የባርሴሎናው ቪላልታ ስቱዲዮ የነደፈው፣ ፊቱ በመስታወት ፈንታ በቀዳዳ የተነደለ የኮንክሪት ግድግዳ ነው። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ያስፈለጋት ነገር በ1,200 ሜትር ላይ ያለችውን ድሬዳዋን አያስፈልጋትም የሚል ካለ ምክንያቱን መስማት እሻለሁ።

የሕንፃ ባለቤት ከሳቢያን፦
እቃወማለሁ። የከዚራው ወንድማችን ስለ ፀሐይ የጻፉትን አልክድም፤ ነገር ግን ሕንፃ የሚቆመው በፀሐይ ሒሳብ ብቻ አይደለም። እኔ ምድር ሲደመር አምስት ስሠራ መስታወትን የመረጥሁት ለታይታ አልነበረም። ባንክና ክሊኒክ መጥተው የሚከራዩት ከመንገድ የሚታይ፣ ብርሃን ያለው ወለል ነው። ልስንና ቀለም በድሬዳዋ ፀሐይና አቧራ በጥቂት ዓመታት ይላላጣል፣ ይደበዝዛል፤ መስታወት ግን ይታጠባል። በዚያ ላይ አገሪቱ በምትኮራበት ሕንፃ፣ 209 ሜትር በሚረዝመው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ላይ፣ መስታወት የዕድገት ምልክት ሆኖ ሲታይ እኛን ለይቶ «የናንተ ጥፋት ነው» ማለት ፍትሐዊ አይመስለኝም። ዱባይስ ከእኛ የባሰ የሚሞቅ አገር አይደለም?

ስለ ከዚራ ቤቶችም አንድ ነገር መባል አለበት። እነዚያ ቤቶች በሰፊ ግቢ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ዛሬ በሊዝ በካሬ ሜትር ተቆጥሮ ለሚገዛ መሬት በረንዳ ማለት ኪራይ የማያስገኝ ወለል ነው። ከዚህም በላይ ደንብ ሲጨመር ደንቡን የሚተረጉም አንድ ጠረጴዛ ይጨመራል፤ እዚያ ጠረጴዛ ፊት ወረፋ የሚጠብቀው ደግሞ እኔ እንጂ አርክቴክቱ አይደሉም።

የአልሙኒየምና የመስታወት ሥራ ባለሙያ፦
ስለ ዱባይ ለተነሣው አጭር መልስ አለኝ። እዚያ የሚገጠመው በአብዛኛው ሙቀት የሚመልስ ስስ ሽፋን ያለው ድርብ መስታወት ነው፤ ከእርሱም በስተኋላ ቀንና ሌሊት የማያርፍ ማቀዝቀዣና የማይቆራረጥ መብራት አለ። እኛ ዘንድ ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቅ በመጨረሻ የሚስማማበት ነጠላ ባለ ቀለም ወይም አንጸባራቂ መስታወት ነው። አንጸባራቂው በእርግጥ ወደ ውስጥ የሚገባውን ሙቀት ይቀንሳል፤ ነገር ግን የመለሰው ሙቀትና ብርሃን የሆነ ቦታ ማረፉ አይቀርም። በለንደን ፌንቸርች ጎዳና ላይ የተሠራ ወደ ውስጥ የጎበጠ ባለ መስታወት ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2013 ፀሐዩን በአንድ ቦታ ላይ አከማችቶ የቆመ መኪና አካል አቅልጧል፤ በኋላም ፊቱ ላይ መከለያ ተገጠመለት። ያ በለንደን ፀሐይ ነው። እርግጥ የእኛ ሕንፃዎች ፊት ቀጥ ያለ ስለሆነ ጨረር አያከማችም፤ ማዶ ያለውን ሱቅና የባጃጅ ሹፌሩን ዓይን ግን አይምርም።

እንጀራዬ መስታወት መግጠም ስለሆነ ሙሉ ክልከላን አልደግፍም። የትኛው ግድግዳ ላይ ምን ዓይነት መስታወት የሚለውን ግን እደግፋለሁ።

የባንክ ሠራተኛ፦
በመስታወት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ በምዕራብ በኩል እሠራለሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ መጋረጃው ይዘጋል፣ መብራት ይበራል። ስለዚህ «ብርሃን ያለው ወለል» የተባለውን ብርሃን ከሰዓት በኋላ የምናገኘው ከአምፖል ነው። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

መምህርት ከሐረር፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደንቡን በመርሕ ደረጃ እደግፋለሁ፤ ሆኖም መስታወት ሲከለከል በምትኩ ምን እንደሚመጣ ከጎረቤት ከተማ ሆኜ ስለማውቅ ስጋቴን ላስቀምጥ። በሐረር አዳዲስ ሕንፃዎች «ባህላዊ ይዘት» እንዲኖራቸው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሆነው የኮንክሪት ሣጥን ላይ ቅስት ተለጥፎ፣ ዙሪያው በግንብ ጥርስ ማስጌጡ ነው። በግንብ የታጠረችውን አሮጌዋን ሐረር፣ ጀጎልን፣ ጀጎል ያደረጋት ግን ጌጡ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ወደ 48 ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ ቤትና ቤት ተደጋግፎ፣ መንገዱ ጠቦ ግድግዳ ለግድግዳ ጥላ እየሰጠ፣ ቤቱ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ የሚኖርበት ሥርዓት ነው። በሐረሪ ቤት ውስጥ ያሉት ነደባዎች፣ ማለትም እንደየደረጃቸው ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መደቦች፣ ሰው የሚቀመጥባቸው የወለሉ ክፍል ናቸው እንጂ በኋላ የገባ የቤት ዕቃ አይደሉም። የቤቱ አሠራርና የሰው አኗኗር የተለያየበት ቦታ የለም። ይህንን ትቶ ቅስቱን ብቻ የሚገለብጥ ሕንፃ ከመስታወቱ ሕንፃ የሚለየው በልብሱ ነው፤ ውስጡ ያው ይሞቃል።

ይህን የምለው አሮጌውን እንቅዳ ለማለት እንዳልሆነ አንድ ምሳሌ ያሳይልኝ። በኒጀር ዳንዳጂ በምትባል መንደር አሮጌው የጭቃ መስጊድ ሊፈርስ ሲል አርክቴክቷ ማርየም ኢሱፉ ካማራና ባልደረባዋ ያሳማን እስማኢሊ ሕዝቡን አሳምነው አሮጌውን ቤተ መጻሕፍት አደረጉት፤ አዲሱንም መስጊድ ከጎኑ በተጠቀጠቀ የአፈር ጡብ ሠሩት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲጠናቀቅ የቀድሞውን መስጊድ የሠሩ ግንበኞች በእድሳቱ ተካፍለው ነበር። አዲሱ ሕንፃ አዲስ መሆኑን አይደብቅም፤ ማንም ቢያየው የዚህ ዘመን ነው። ደንብ የሚወጣ ከሆነ መልክን ሳይሆን አሠራርን ይመልከት የምለው ለዚህ ነው።

አርክቴክት ከከዚራ፦
በመምህርቷ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ቅስት የሚያዝ ደንብ ከሚወጣ ምንም ባይወጣ ይሻላል። ለሕንፃው ባለቤት ግን በዋጋ ልመልስ። መስታወቱና አልሙኒየሙ በአብዛኛው ከውጭ ምንዛሪ ወጥቶባቸው የሚመጡ ናቸው፤ ሲሚንቶ ግን ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ እዚሁ ድሬዳዋ ይመረታል። አየር የሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ማንኛውም ብሎኬት አምራች ቅርጹን ካገኘ ያወጣዋል። የቡርኪና ፋሶው ተወላጅ አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 በኪነ ሕንፃ ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ የተቀበለው ስሙን ባስጠራው በጋንዶ የመንደር ትምህርት ቤት ጀምሮ ነው፤ የአፈር ጡብ ግድግዳ፣ ከኮርኒሱ ተነጥሎ ከፍ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በመካከሉ ንፋስ። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ያለው የኢስትጌት ሕንፃም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ትልቅ የቢሮና የገበያ ሕንፃ ሆኖ የተለመደው ማቀዝቀዣ ሳይኖረው ይሠራል፤ በሌሊት ቀዝቃዛ አየር በወፍራም ኮንክሪቱ ውስጥ ያሳልፍና ቀን በዚያ ይቀዘቅዛል። የሚያስፈልገው ገንዘብ ብቻ ነው የሚለው ክርክር ጋንዶ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

መካኒካል መሐንዲስ፦
ደንቡን የምደግፍ ብሆንም ኢስትጌትን ለድሬዳዋ በምሳሌነት ማምጣት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐራሬ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ ዘዴው በሙሉ የሚመካው በዚያ ቅዝቃዜ ነው። የድሬዳዋ የግንቦትና የሰኔ ሌሊት ያንን ያህል አይሰጠንም። ወፍራም ግድግዳ ቀን የዋጠውን ሙቀት ማታ መልሶ ስለሚተፋ ለቢሮና ለትምህርት ቤት ይጠቅማል፣ ሰው ለሚተኛበት ክፍል ግን ጠላት ሊሆን ይችላል፤ በሙቀቱ ወራት አልጋ ወደ ግቢ የሚወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ለእኛ የመጀመሪያው ሥራ ሙቀት ከገባ በኋላ ማከማቸት ሳይሆን ከመግባቱ በፊት ማገድ ነው፤ መከለያው ከመስታወቱ ውጭ መሆን አለበት። ከውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ፣ የባንክ ሠራተኛዋ እንዳሉት፣ ብርሃኑን እንጂ ሙቀቱን ያን ያህል አያስቀርም፤ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ገብቷልና።

የሰሜኑ ግድግዳም እንዳይረሳ። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ዞር ስለሚል፣ ያውም በሙቀቱ ወራት፣ የሰሜን ፊት ፀሐይ አያገኘውም ማለት እዚህ አይሠራም። ሆኖም ፀሐዩ ከአናት ስለሚመጣ አጭር አግድም መከለያ ይበቃዋል። የምዕራቡ ግን ቋሚ ክንፍ ወይም የተነደለ ግድግዳ ካልሆነ በሌላ አይመለስም።

የሕንፃ ባለቤት ከሳቢያን፦
አሁን ነገሩ ከ«ይከልከል» ወደ «በየግድግዳው ይለይ» ተሸጋግሯል፤ ይህ ሌላ ሐሳብ ነው። እንግዲያው ሦስት ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። የምድር ቤት ሱቆች ፊት በመስታወት ይቀጥላል ወይስ አይቀጥልም? የመንግሥት ሕንፃዎች በዚህ ይገዛሉ ወይስ ደንቡ ለግል ባለሀብት ብቻ ነው? የተሠራውስ ሕንፃ ምን ይሆናል? ቤቴን አፍርስ የሚለኝ ደንብ ከሆነ ክርክራችን እዚህ ያበቃል።

አርክቴክት ከከዚራ፦
የምድር ቤቱ ሱቅ ይቀጥል፤ በላዩ ጥልቅ ታዛ ከተዘረጋለት እግረኛውም ጥላ ያገኛል። የመንግሥት ሕንፃ እንዲያውም ቀዳሚ ይሁን፤ በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያዎችና ከ12 ሜትር በላይ የሆኑ ሕንፃዎች በአንድ ምድብ ውስጥ ስለነበሩ ደንቡን በዚያ ምድብ መጀመር ይቻላል። የተሠራውን በተመለከተ ማንም አፍርሱ አላለም። የፓሪሱ ሕንፃ የዳነው ፈርሶ ሳይሆን ፊቱ ላይ መከለያ ተጨምሮለት ነው።

የአልሙኒየምና የመስታወት ሥራ ባለሙያ፦
ይህ ይሠራል። የአልሙኒየም ክንፍ ከነባሩ ፍሬም ላይ ሳይሆን ከወለሉ ጠርዝ ኮንክሪት ላይ ቢታሰር መስታወቱ ሳይነካ ሊገጠም ይችላል። ለማጽጃ የሚሆን የእጅ ማስገቢያ ክፍተት ከኋላው መተው አለበት፤ አለበለዚያ በአንድ በጋ አቧራው መስታወቱን ግድግዳ ያደርገዋል።

የሕንፃ ባለቤት ከሳቢያን፦
ክፍተቱም ክንፉም ሲደመር ከሕንፃው ፊት ወደ ውጭ ይወጣል። የእኔ ምዕራብ ግድግዳ የቆመው በይዞታዬ ወሰን ላይ ነው። ከወሰን የወጣ ነገር ሁሉ እንደ ሕገ ወጥ ግንባታ ተቆጥሮ ቢፈርስብኝ ወጪውን የሚመልስልኝ ማን ነው? ከምድር ቤት በላይ የሚንጠለጠል የፀሐይ መከለያ በልኩ እስከ ተሠራ ድረስ ከወሰን ማለፍ ተብሎ አይቆጠርም የሚል አንቀጽ ከገባበት፣ በምዕራብና በምሥራቅ ግድግዳ ላይ ተቃውሞዬን አነሣለሁ። በሰሜኑ ላይ ግን ገና አልተስማማሁም፤ መንገዱ ያለው በዚያ በኩል ነው፣ ተከራዬም የሚያየው እርሱን ነው።