ሰዉን ቁስሉን ሳናስነካ እንዴት አብረን እንስፋ?

ጥያቄ
በየቅዳሜው የምንገናኝ ሃያ ሰዎች ነን። ከስድስት አገር የመጡ ስደተኞችና የሰፈሩ ነባር ነዋሪዎች ይገኙበታል፤ የሰባት ዓመት ልጅም፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመት አያትም አሉን። ለዓለም የስደተኞች ቀን፣ ለሰኔ 13፣ ነፃነትንና መጠጊያን የሚያከብር አንድ ትልቅ የጨርቅ ሥራ በጋራ ልንሰፋ ነው። ባለፈው ሳምንት «ነፃነት ለእርስዎ ምንድን ነው?» የሚል ወረቀት አደልኩ። አንዲት እናት ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ወጡ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ
እህቴ፣ እኔም በመጠለያ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ለምን እንደ ሸሸሁ ለመርማሪ፣ ለአስተርጓሚ፣ ለጠበቃ፣ ለሐኪም ተናግሬአለሁ። ጥልፍ እንደምችል ግን የጠየቀኝ አልነበረም! ወረቀቱን ተዪው። እጃቸው ምን እንደሚያውቅ ጠይቂ። ለእያንዳንዱ ሰው እኩል የተቆረጠ ጨርቅ ስጪ፤ ሲገጣጠም ሥራው እንዳይበላ ዙሪያውን ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ባዶ ያስቀሩ። ልጆቹን ከአዛውንቶቹ ጎን አስቀምጪ። ዓይኑ ለደከመ ሰው ክሩን በመርፌ ቀዳዳ የሚያስገባለት ልጅ ነው፤ በቋንቋ ባይግባቡም በዚያች ክር ይተዋወቃሉ። ዝም ብሎ መስፋት የሚፈልግም ዝም ይበል።

መልስ
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም መናገር የሚፈልገውን አትከልክሉ። በቺሊ እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ፣ ባልና ልጅ የተሰወረባቸው ሴቶች አብረው ተቀምጠው በጆንያ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፉ የደረሰባቸውን አሳይተዋል። ሥራው አርፒዬራ ይባላል። አፍ በተዘጋበት ዘመን ጨርቁ ባሕር ማዶ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ቤት አስተዳደረ። ምርጫው የሚሰፋው ሰው ይሁን ነው የምለው። ስም ይጻፍ፣ ፎቶ ይነሳ እንደሆነም አንድ በአንድ ጠይቁ፤ ዘመዱን ትቶ የመጣ ሰው ስሙ በመታየቱ ዘመዱ ሊጎዳበት ይችላል።

መልስ
ነባሮቹም ይስፉ፤ ተመልካች ሆነው አይቅሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቁመቷ 3.5 ሜትር የሆነው ትንሿ አማል፣ የስደተኛ ልጅ አሻንጉሊት፣ ከቱርክ እስከ እንግሊዝ ስትጓዝ ሰዎች በየከተማው አቀባበሉን በራሳቸው እጅ አሰናድተው ጠብቀዋታል። እኔን የነካኝ ያ ነው።

ጠያቂዋ
ወረቀቶቹን ሰብስቤአለሁ። ትናንት እናቲቱ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁና አንድ ነጭ ጨርቅ ሰጠኋቸው። በጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ፤ ከዚያም ቀይ ክር እንዳለኝ ጠየቁኝ።