ለጅማ ቡና መጋዘን የትኛው ፎርክሊፍት ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ የቡና መጋዘን ኃላፊ ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፎርክሊፍት (ጭነት በሹካው አንስቶ የሚደረድር ማሽን) ልንገዛ ስለሆነ፣ የምታውቁ እባካችሁ አማክሩኝ።

እስካሁን 60 ኪሎ የሚመዝነውን ጆንያ ተሸካሚዎች በትከሻቸው እያወጡ ነው የሚደረድሩት። ወገባቸው እየተጎዳ ነው፤ ይህ እንዲቀጥል አልፈልግም። በአንድ ፓሌት (ጭነት ተደርድሮበት በማሽን የሚነሳ መደብ) 20 ጆንያ ብንጭን የፓሌቱ ክብደት ሳይጨመር 1,200 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሻጭ 1.5 ቶን የሚያነሳው ይበቃችኋል ብሎኛል። ነገር ግን ጭነቱ ከፍ ባለ ቁጥርና ከማሽኑ በራቀ ቁጥር የማንሳት አቅሙ ስለሚቀንስ፣ እኔ ወደ 2.5 ቶኑ አደላለሁ።

ዋናው ጭንቀቴ ሞተሩ ነው። ናፍጣው ለግቢያችን ኮረኮንችና ለክረምቱ ጭቃ ይመቻል። ቡና ግን ሽታ ይስባል፤ የገበሬው የዓመት ድካም በጭስ ሲበላሽ ማየት አልችልም! በባትሪ የሚሠራው ጭስ የለውም፤ ሆኖም የሊድ አሲድ ባትሪ እስኪሞላ 8 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ መካከል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ሪች ትራክ የሚባለው የፎርክሊፍት ዓይነት በጠባብ መተላለፊያ ይሠራል፣ ትንንሽ ጎማዎቹ ግን የተስተካከለ ወለል ይፈልጋሉ።

ናፍጣውን ከበር ውጭ ብቻ አሠርተን፣ ውስጥ በእጅ የሚጎተት የፓሌት ጋሪ ብንጠቀም ያዋጣል? ጋሪው ከፍ አድርጎ እንደማይደረድር አውቃለሁ። በተለይ የባትሪውን ፎርክሊፍት በክረምት የሞከራችሁ፣ እንዲሁም ጅማ ውስጥ የሚጠግነው ባለሙያ መኖሩን የምታውቁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።