ቪም የአማርኛ ቃል መሃል ላይ እየቆረጠ፣ ዝርዝሩንም እያፈረሰ ነው

ታንኳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ለሚነሳ የጀልባ ጉዞ መግለጫ በቪም (የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም) እየጻፍኩ ነው፤ ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ የመስመር ስፋት 72። አንቀጹን በስፋቱ ልክ የሚያስተካክለውን ጂ-ኪው-አይ-ፒ (gqip) ስመታ «ክብራን ገብርኤል» «ገብ» ላይ ተቆርጦ «ርኤል» ወደ ታች ይወርዳል። በሁለት መስመር የነበሩት «የጣና» እና «ሐይቅ» ደግሞ «የጣናሐይቅ» ሆነው ተጣበቁ። «፩. ዘጌ»፣ «፪. ዳጋ እስጢፋኖስ» ብዬ የደረደርኩትም አንድ አንቀጽ ሆኖ ይፈስሳል። እንግሊዝኛ ላይ ምንም አይል። ኮንፊጉን ከኢንተርኔት ነው የቀዳሁት፤ ፎርማትኦፕሽንስ (ቪም ጽሑፍ እንዴት እንደሚያስተካክል የሚወስነው ምርጫ) ላይ ትንሹ ኤም (m)፣ ትልቁ ኤም (M) እና ኤን (n) አሉበት።

ደንገል፦
ጣጣው ሁለቱ ኤሞች ናቸው። ትንሹ ኤም ኮዱ ከ255 በላይ የሆነ ፊደል ጋ መስመር እንዲሰበር ይፈቅዳል፤ የተሠራው እያንዳንዱ ፊደል እንደ ቃል ለሚቆጠርባቸው ለነቻይንኛ ነው። የእኛ «ሀ» 4608 ስለሆነች ቪም ቃሉን ያገኘው ቦታ ላይ ይበጥሰዋል። ትልቁ ኤም ደግሞ መስመር ሲያገናኝ ክፍተት እንዳይጨምር ያደርጋል። ሁለቱንም አውጣ። የተጣበቀው ግን በዚህ አይላቀቅም፤ በዩ (u) ወደ ኋላ መልሰው።

ካወጣህም በኋላ ከቆረጠ «ቨርቦስ ሰት ፎርማትኦፕሽንስ?» (:verbose set formatoptions?) ብለህ ጠይቀው። የፋይል ዓይነት ፕለጊን መልሶ አስገብቷቸው ከሆነ የትኛው ፋይል እንደሆነ ይነግርሃል።

ቁጥር ያለውን ዝርዝር የምታውቀው ኤን ትቆይ፤ ኦቶኢንደንት (የመስመር መግቢያን ወደሚቀጥለው የሚያሻግረው ምርጫ) ካልበራ ግን በደንብ አትሠራም። ፎርማትሊስትፓት (የዝርዝር ቁጥር ምን እንደሚመስል የሚነግረው ፓተርን) ደግሞ ሲመጣ የሚያውቀው ከ0 እስከ 9 ብቻ ነው፣ ፩ን እንደ ማንኛውም ፊደል ነው የሚያያት። ይህን ስጠው፦

^ *[0-9፩-፼]\+[.)፡] \+

በ«ሌት» (let) ትዕዛዝ እና በነጠላ ጥቅስ አስገባው፤ በ«ሰት» (set) ከሆነ ክፍተቱ ጉድ ይሠራሃል።

ጊዮን፦
ደንገል ያለው ልክ ነው፤ ሁለት ነጥቧን (፡) ግን ከቅንፉ አውጣት። በድሮው አጻጻፍ «፴፯፡ ደሴቶች» የሚል መስመር መጀመሪያ ላይ ቢያርፍ ዝርዝር መስሎት ይለያየዋል።

መጨረሻ ላይ ያለችውን ክፍተት ደግሞ እንዳትነካ። ነባሩ ፓተርን ከቁጥር ቀጥሎ ባዶ ቦታ ብቻ ቢኖርም ዝርዝር ነው ይላል። መጀመሪያ ስትመታው ደህና ይመስላል፤ «37» መስመር መነሻ ላይ ካረፈች በኋላ ስትደግመው ነው የሚበላሸው፦

በጣና ላይ ካሉት
37 ደሴቶች አንዳንዶቹ
   ገዳም አላቸው።

«37» ከነክፍተቷ ሦስት ቦታ ስለያዘች የሚቀጥለው መስመር ሦስት ገባ አለ።

ታንኳ፦
ሠራ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ዝርዝሩም ቆመ። አንድ ከድሮ ሰነድ የገለበጥኩት አንቀጽ ብቻ ከ72 አልፎ እስከ ስክሪኑ ጫፍ ይሄዳል።

ጊዮን፦
ቃላቱ በ፡ ብቻ ተለያይተው ክፍተት የላቸውም ማለት ነው። ኤም ከወጣች ቪም የሚሰብረው ባዶ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ያንን አንቀጽ መርጠህ ፡ን በ«፡ እና ክፍተት» ተካ፤ ፋይሉን በሙሉ ግን አይሁን፣ ሰዓት የጻፍክበት ቦታ ይኖራል።

ደንገል፦
አንቀጹን በጂ-ኪው-አይ-ፒ እንጂ በዓረፍተ ነገር ለመያዝ አትሞክር። ቪም አራት ነጥብን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አድርጎ አይቆጥርም፤ ።ን እያለፈ አንቀጹን በሙሉ ይወስድብሃል።