መብራት ሄዶ ሲመጣ ጄሊፊን ባዶ ይሆንብኛል፣ ተባበሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ባለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ዴቢያን 12 (ሊኑክስ) ጭኜ ጄሊፊንን፣ ማለትም ቪዲዮዎችን ለቤቱ ቲቪ የሚያሰራጨውን ፕሮግራም፣ በዶከር (ፕሮግራሞችን “ኮንቴይነር” በሚባል የየራሳቸው ክፍል ውስጥ ለይቶ የሚያስኬድ) አስነስቻለሁ። ከካሴት የተገለበጡት የሰርግና የክርስትና ቪዲዮዎች በዩኤስቢ በተሰካ ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው። ሲሠራ እሰየው ነው፤ እማዬ እንኳ ከቲቪው ራሷ ከፍታ ታያለች።

ችግሩ መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ዲስኩ ዘግየት ብሎ ይነሳል፣ ዶከር ግን አይጠብቀውም። ጄሊፊን የቪዲዮዎቹን ስም ይዘረዝራል፣ ሲጫኑት አይከፍትም። ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብቼ ፎልደሩን ሳየው ባዶ ነው። ከውጭ ያንኑ ፎልደር ስከፍተው ሁሉም ፋይል ቁጭ ብሏል! ኮንቴይነሩን ሪስታርት ሳደርገው ሰላም ይሆናል፤ ግን እኔ ሥራ ስሆን ማን ያድርገው?

ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚያገናኛቸው ዲስኮች ዝርዝር) ውስጥ ዲስኩን “ኖፌይል” (ባይገኝም ማሽኑ ይነሳ) ብዬ ነው ያስገባሁት። እሱን ካነሳሁት ደግሞ ዲስኩ ያልተገኘ ቀን ማሽኑ 90 ሰከንድ ጠብቆ ኢመርጀንሲ ሞድ (ሰው ኪቦርድ ላይ ካላስተካከለው መነሳቱን የማይቀጥልበት ሁኔታ) ይገባል። ስክሪንም ኪቦርድም የለውም፣ ያ ይብሳል።

ለዶከር ሰርቪስ በሲስተምዲ (ማሽኑ ሲነሳ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው) “ሪኳየርስ ማውንትስ ፎር” (ዲስኩ ካልተገናኘ አትነሳ) የሚባለውን ብጨምር ይበቃል? ወይስ ዲስኩ ሲጠፋ ሌሎቹም ኮንቴይነሮች አብረው ይቀራሉ? ፒሆልም (የቤቱ መሣሪያዎች የድረ ገጽ አድራሻ የሚጠይቁት ማስታወቂያ አጋጅ) እዚያው ስላለ ቤቱ በሙሉ ኢንተርኔት እንዳያጣ ፈራሁ። ጄሊፊንን ብቻ ለይቶ የሚያስጠብቅ መንገድ ካለ ንገሩኝ።